«ፖርትሌቨን» የመልክዓ ምድር ሥዕል ነው፤ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሥዕል ወዳጆች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ትችት አለ። የትችቱ ዒላማ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ፒተር ላንየን በ1951 ያጠናቀቀውና ዛሬ ቴት በተባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሥዕል ስብስብ ውስጥ የሚገኘው «ፖርትሌቨን» የተሰኘ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፖርትሌቨን በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዋል የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ስትሆን፣ ላንየንም ከእርሷ ብዙ በማትርቀው በሴንት አይቭስ በ1918 ተወልዶ ያደገ የአገሬው ሰው ነበር። የትችቱ ጸሐፊ ሐሳባቸውን ባማረ አማርኛ፣ ያለ ስድብ አስፍረዋል፤ ጽሑፋቸው ብዙ አንባቢ ያገኘውም ብዙዎቻችን እንዲህ ባለ ሥዕል ፊት ስንቆም በሆዳችን የምንይዘውን ጥያቄ በግልጽ ስለተናገረው ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የደረሱበት መደምደሚያ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ትችቱ አንድን ሥዕል ከመንቀፍ አልፎ የአንድን ቦታ መልክ በሥዕል ማስፈር ማለት ምን እንደሆነ ያለንን ግንዛቤ የሚያጠብ በመሆኑ፣ ምላሽ ሳይሰጠው መታለፍ የለበትም።

በቅድሚያ የጸሐፊውን መከራከሪያ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ሥዕሉን ከአንድ የፖስታ ካርድ ፎቶግራፍ ጎን ያስቀምጡና፣ በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ቤቶች፣ ጀልባዎችና የድንጋይ ግንቦች በሥዕሉ ላይ ስለማይለዩ ይህ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሊባል አይገባውም ይላሉ፤ ወደብ መሆኑን ያወቅነው አርእስቱ ስለነገረን ብቻ ነው፣ በወደቡ የሚሠራ ዓሣ አጥማጅ እንኳ ቢያየው አይለየውም ሲሉም ያክላሉ። ቀጥለው፣ ሥዕሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተሠራ መሆኑን ጠቅሰው ይህን የችሎታ ማነስና የስንፍና ምልክት ያደርጉታል። ከዚያም የአሜሪካ ረቂቅ ሥዕል (የነገሮችን ውጫዊ መልክ እንዳለ የማይከተል ሥዕል) ቅጂ እንደሆነ፣ የእንግሊዝ ግብር ከፋይ 500 ፓውንድ እንደከፈለበትም ይገልጻሉ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ እኛ ይመልሱና፣ የቀደሙት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ያዩትን እንዳዩት ብቻ የሚሥሉ ስለነበሩ የዛሬዎቹ ወጣቶች ከላንየን ዓይነቱ መንገድ ቢርቁ ይሻላል ብለው ይመክራሉ።

የቀሩት ነጥቦች ሁሉ በመጀመሪያው ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የፎቶግራፉን ማስረጃነት ለመመዘን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። የፖርትሌቨን ወደብ ሥራ በ1811 ተጀምሮ በ1825 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ባሕሩን ከመንደሩ እምብርት ጋር የሚያገናኝ ረዘም ያለና ጠባብ የውኃ ቦታ ነው። በመጀመሪያ ከውቅያኖሱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የውጭው ገንዳ አለ፤ ከእርሱ በስተጀርባ በግንብ የታጠረው የውስጠኛው ገንዳ ይገኛል። አፉ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተከፈተ በመሆኑ የአትላንቲክ ማዕበል የሚመታው ፊት ለፊት ነው። በዚህም ምክንያት ከባድ ወጀብ በመጣ ቁጥር የወደቡ ሠራተኞች ወፋፍራም ግንዶችን በክሬን እያነሡ፣ በግንቡ ግራና ቀኝ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ አንዱን በሌላው ላይ እየደረደሩ ወደ ውስጠኛው ገንዳ የሚያስገባውን በር ይዘጉታል፤ ጀልባዎቹም ከዚህ የግንድ መዝጊያ በስተጀርባ ተጠልለው ይቆያሉ። በየካቲት 2014 ወጀቡ ግንዶቹን ሰብሮ በመግባቱ በውስጥ ታስረው የነበሩ ጀልባዎች ሰጥመዋል። በባሕሩ በኩል፣ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ሥር፣ በ1884 የተሠራው ሕንፃ ከነሰዓት ማማው ቆሞ ይታያል። ባሕሩ ሲሸሽ ገንዳው በአብዛኛው ስለሚደርቅ፣ ጧት ተንሳፍፈው የታዩት ጀልባዎች ከሰዓት በኋላ በጎናቸው ጋደም ብለው ሊገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ ጸሐፊው ያቀረቡት ፎቶግራፍ ከዚህ ሁሉ የሚያሳየን ምን ያህሉን ነው? ፎቶው የተነሣው በጸጥተኛ ቀን፣ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት፣ ከአንዱ ዳርቻ ነው። የውስጠኛው ገንዳ በፎቶው ውስጥ የለም፤ የግንዱ መዝጊያም፣ ጭቃውም፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ማዕበልም የለም። በዚያው ዕለት ሌላ ሰው ከተቃራኒው ዳርቻ ወይም ከመንደሩ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ቢያነሣው ኖሮ፣ ሁለቱን ፎቶዎች አንድ ቦታ ናቸው ብሎ ለመለየት የሚቸገር ሰው ባልጠፋም ነበር። ፎቶግራፉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአንድ ነጥብ፣ በአንድ ቅጽበት የታየ እውነት ነው ማለቴ ነው። ጸሐፊው ግን ይህን አንድ ቅጽበት የቦታው ሙሉ መልክ አድርገው ይወስዱትና ከእርሱ የተለየውን ሁሉ ከቦታው የተለየ ያደርጉታል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። ቁመቱ ወደ 245 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ የቁመቱን ግማሽ ብቻ የሚያህል፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሰሌዳ ነው። በአውሮፓ ልማድ የባሕርና የወደብ ሥዕል ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ አድማሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰመርና ጀልባዎቹ ከሥሩ ይደረደራሉ። ላንየን ሰሌዳውን አቆመው። ወደቡ ራሱ ከመንደሩ ወደ ባሕሩ የሚወጣ ጠባብና ረጅም ቦታ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ከቦታው ቅርጽ የመጣ ውሳኔ እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም። ዓይናችንን በሰሌዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ስናንቀሳቅስ፣ ግንቦቹ ጠምዘዝ እያሉ ያቀፏቸውን ገንዳዎች እንከተልና ወደ ላይኛው ጫፍ ስንደርስ የሰዓት ማማውን እናገኘዋለን። ማማውን ላላየው ሰው አንድ ጊዜ ቢያመለክቱት ከዚያ በኋላ ዓይኑ አይስተውም። መስመሮቹ ከላይ የታየ ግንብ ናቸው፤ ማማው ግን ከፊት ለፊት የታየ ነው። ይህ የዕይታ ለውጥ ሠዓሊው ሳያውቅ የገባበት ስሕተት አይደለም። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ገንዳዎቹን ቁልቁል ያየ፣ ወርዶ በግንቡ ላይ የተራመደ፣ ከማማው ሥር ቆሞ አንገቱን ያቀና ሰው ስለ ወደቡ የሚያውቀው በአንድነት የሰፈረበት ነው።

በሥዕሉ ውስጥ ሰዎችም አሉ። ላንየን ሥራው እየገፋ ሲሄድ ፋኖስ የያዘ ዓሣ አጥማጅና የትከሻ ልብስ የደረበች ሚስቱ በሥዕሉ ውስጥ ብቅ እንዳሉ ተናግሯል፤ ከቀለሙና ከመስመሩ ጋር ተቀላቅለው ስለተሠሩ ግን ፈልጎ የሚያገኛቸው ታጋሽ ተመልካች ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ለምን በግልጽ አልሣላቸውም ብለው እንደሚጠይቁ እገምታለሁ። የእኔ መልስ፣ በዚህ ወደብ ሰውና ቦታ ተነጣጥለው የሚቆሙ ስላልሆኑ ነው የሚል ነው። በታኅሣሥ 1807 መጨረሻ አንሰን የተባለችው የጦር መርከብ ከፖርትሌቨን እምብዛም በማይርቀው የባሕር ዳርቻ ተሰባብራ፣ በዳርቻው ቆመው በሚመለከቱ ሰዎች ፊት በርካታ መርከበኞች አልቀዋል። ወደቡ መሠራት የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ባሕር ላይ ያለ ወንድና ዳርቻ ላይ የምትጠብቅ ሴት በዚህ ቦታ ግንቡ የተገነባባቸው ምክንያቶች ናቸው፤ ስለዚህ ላንየን ከግንቡ ለይቶ ለብቻቸው አላቆማቸውም።

ዓሣ አጥማጅ ቢያየው አይለየውም የሚለው ክርክር ደግሞ ተፈትኖ የሚታይ ነው፤ የሚፈትነውም ሰው ከዚያው አካባቢ ይገኛል። አልፍሬድ ዋሊስ በ1855 ተወልዶ በወጣትነቱ በባሕር ላይ የሠራ፣ አትላንቲክን አቋርጦ እስከ ኒውፋውንድላንድ የዘለቀ፣ በኋላም በሴንት አይቭስ የመርከብ ዕቃዎችን ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ ማንም ሳያስተምረው መሣል ጀመረ። የሚሥለው ከሱቅ በሚያገኘው የካርቶን ቁራጭ ላይ ሲሆን፣ ቀለሙም ለጀልባና ለቤት የሚውለው ቀለም ነበር፤ ካርቶኑ ጎደሎ ወይም ገደድ ያለ እንደሆነም ሥዕሉን ከካርቶኑ ቅርጽ ጋር ያስማማዋል። ወደብ ሲሥል ግንቡን ከላይ፣ ጀልባዎቹን ከጎን፣ ቤቶቹን ከፊት ለፊት ያደርጋቸዋል፤ በዓይን ርቀት ሳይሆን ለእርሱ ባላቸው ክብደት መጠን ትልቅ ወይም ትንሽ ይሆናሉ። ይህ ሰው የፓሪስን የሥዕል ንድፈ ሐሳብ ያነበበ አልነበረም። ወደብን ያወቀው ገብቶና ወጥቶ ነው፤ ለመርከበኛ ደግሞ ወደብ ማለት የሚገባበት አቅጣጫ፣ የሚሸሸው ድንጋይ፣ የሚታሰርበት ግንብና ከሩቅ የሚያመለክተው ማማ ነው። ላንየን ዋሊስን በልጅነት ከተማው ያውቀው ነበር። ስለዚህ የዓሣ አጥማጁ ዓይን ለጸሐፊው የሚመሰክርላቸው ሳይሆን የሚመሰክርባቸው ይመስለኛል።

በአርእስቱ ጉዳይ ግን ጸሐፊው ካነሡት ውስጥ የምቀበለው አለ። «ፖርትሌቨን» የሚለውን ስም ብንሸፍነው፣ ቦታውን ፈጽሞ የማያውቅ ተመልካች ስሙን ከሥዕሉ ሊያወጣው አይችልም፤ አርእስቱ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ይህ በላንየን ላይ ብቻ የሚቀርብ ክስ ሊሆን አይችልም። እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት፣ እያንዳንዱ ገመድ የተቆጠረበት የኮርንዋል ወደብ ሥዕል አምጥተን አርእስቱን ብንሸፍነው፣ እኔም ሆንኩ ጸሐፊው ፖርትሌቨን ይሁን ማውዝሆል ወይም ኒውሊን ልንለይ አንችልም፤ አንድ ወደብ እንደሆነ ብቻ እናውቃለን። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1842 በወደብ አፍ ላይ በበረዶ ወጀብ የተያዘች የእንፋሎት መርከብ ሲሥል፣ በሸራው ላይ ከጥቁር ጭስና ከሚሽከረከር ነጭና ግራጫ ቀለም በቀር እምብዛም የሚለይ ነገር አልነበረም፤ በጊዜው የነበሩ ተቺዎችም የሳሙና አረፋና ኖራ ነው እያሉ ተሳልቀውበታል። ዛሬ ያ ሥዕል የወደብ ሥዕል አይደለም የሚል ተቺ አላውቅም። መለየት መቻል መልካም ነው፤ የመልክዓ ምድር ሥዕል መለኪያ አድርገን ብቻውን ከወሰድነው ግን ጸሐፊው ራሳቸው የሚያከብሯቸው ሠዓሊዎችም አብረው ይወድቃሉ።

ወደ ችሎታው ጉዳይ ልለፍ። ላንየን በወጣትነቱ የተማረው ከቦርሌዝ ስማርት ነው፤ ስማርት ደግሞ ባሕርንና ዓለትን በተለመደው መንገድ በመሣል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። በ1938 ደግሞ ለጥቂት ወራት በለንደን ዩስተን ሮድ ትምህርት ቤት ቆይቷል፤ ይህ ትምህርት ቤት የሚታወቀው ፊት ለፊት ያለውን ነገር በጥንቃቄ እየለኩ በመሣል ነው። ስለዚህ መሣል ስላልቻለ ወደ ረቂቅ ሥዕል ሸሸ የሚለው ከሕይወት ታሪኩ ጋር አይገጥምም። እዚህ ላይ ግን ከእኔ ወገን ያሉትም የሚሳሳቱበትን ነገር ልጥቀስ፦ አንድ ሠዓሊ እንደ ፎቶግራፍ መሣል ይችላል ማለት ረቂቅ ሥዕሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቀደም ሲል ያሳየው ችሎታ የስንፍናን ክስ ያነሣል እንጂ ሥዕሉን አያጸድቅም፤ ሥዕሉ መመዘን ያለበት በራሱ ነው።

የመጨረሻው ሥራ በፍጥነት የተከናወነ መሆኑን ጸሐፊው የጠቀሱት በትክክል ነው። ያልጠቀሱት ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። ላንየን በዚህ ሥዕል ላይ ለረጅም ጊዜ ታግሏል፤ ቦታውን ደጋግሞ ነድፏል፤ ከዚያም አልፎ፣ አንዱ ክፍል ከሌላው በስተጀርባ፣ በላይና በታች እንዴት እንደሚቀመጥ ለመረዳት ከተለያዩ ቁሶች በእጅ የሚያዙ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ዞሮ የሚያያቸው ቅርጾችን ሠርቷል። እነዚህን ቅርጾች እንደ ሐውልት ለብቻቸው ለማሳየት አልሠራቸውም፤ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሊያሰፍረው ያሰበውን ጥልቀት አስቀድሞ በእጁ የሚመረምርባቸው ነበሩ። ይህን መንገድ የተማረው ከናውም ጋቦ ነው። ሩሲያ ተወልዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሴንት አይቭስ አጠገብ የኖረው ጋቦ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክና ከክር ውስጣቸው የሚታይ ቅርጾችን ይሠራ ነበር። ላንየንን በ1939 ያስተማረው ሠዓሊ ቤን ኒኮልሰንም በዚያው ክበብ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉ የፈጀው ጊዜ የመጨረሻው ብሩሽ የፈጀው ሰዓት ብቻ ነው ብሎ መቁጠር፣ የዝግጅቱን ወራት ሆን ብሎ ከሒሳብ ማውጣት ነው። ሰሌዳውን ቀርቦ የተመለከተም ሰው በአንድ ለስላሳ ልባስ የተሸፈነ ነገር አያገኝም፤ ቀለሙ በአንድ ቦታ ወፍሮ በሌላው ቦታ ተፍቆ ሳስቷል፤ ነጩ፣ ግራጫውና ባሕር መሳዩ አረንጓዴ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል። በእነዚህ ቦታዎች እጅ ሐሳብ እንደቀየረ ማየት ይቻላል፤ ስንፍና ግን አይታይም።

ከአሜሪካ የተቀዳ ነው የሚለው ነጥብ ረጅም መልስ አያስፈልገውም፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ብቻውን ይመልሰዋል። የአሜሪካ ረቂቅ ሠዓሊዎች፣ እነ ጃክሰን ፖሎክና ማርክ ሮትኮ፣ ለብዙው የእንግሊዝ ተመልካች በአንድነት የቀረቡት በ1956 መጀመሪያ ላይ በቴት በተከፈተው ዐውደ ርእይ ነው። ላንየን በኒውዮርክ በካተሪን ቪቪያኖ ጋለሪ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ ያሳየውና ከሮትኮ ጋር የተዋወቀው በ1957 ነው። «ፖርትሌቨን» በ1951 ተጠናቋል። ከ1957 ወዲህ የተሠሩት ሥራዎቹ ብሩሻቸው ይበልጥ የተፈታ፣ ስፋታቸውም የጨመረ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ጸሐፊው ስለ እነዚያ ቢጽፉ ኖሮ የአሜሪካ ተጽዕኖ አለ ማለታቸውን አልቃወምም ነበር። በእነዚያም ቢሆን ግን ላንየን ከቦታ አልተለየም። በ1959 ሞተር አልባ አውሮፕላን ማብረር ጀምሮ የኮርንዋልን ገደልና ባሕር ከአየር ላይ መሣል ቀጠለ፤ በ1964ም በዚያው በረራ በደረሰበት አደጋ በ46 ዓመቱ ሞተ። ፖሎክ በዚያ ዘመን በታወቀባቸው ሥራዎች ላይ አንድ መንደር ወይም አንድ ወደብ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በላንየን ላይ ይቻላል፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ሁለት ሥዕሎችን ከማምታታት የመጣ ይመስላል። አርትስ ካውንስል የተባለው የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ለ1951ዱ ብሔራዊ ፌስቲቫል ስድሳ ሠዓሊዎችን ትልልቅ ሥዕሎች እንዲሠሩ ጋብዞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሥዕል ቁሳቁስ እጥረት ስለነበረም መሣያውን አቅርቦላቸዋል። «ፖርትሌቨን» የተሠራው ለዚህ ዐውደ ርእይ ነው። ምክር ቤቱ ከቀረቡት መካከል አምስቱን እያንዳንዳቸውን በ500 ፓውንድ ገዝቷል፤ ከተገዙት አንዱ የሉሲያን ፍሮይድ ሥዕል ነበር፤ ሌላው ደግሞ የዊሊያም ጊር የበልግ መልክዓ ምድር ሥዕል ሲሆን፣ ጋዜጦች ይህ ነው ወይ የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት ብለው የጮኹት በእርሱ ምክንያት ነው። የላንየን ሥዕል ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም። በ1953 ለቴት የተሰጠው ኮንቴምፖራሪ አርት ሶሳይቲ ከተባለውና በ1910 ከተቋቋመው በጎ አድራጊ ማኅበር በስጦታ ነው። ግብዣውና ዐውደ ርእዩ በመንግሥት ድጋፍ የተካሄደ ስለሆነ የሕዝብ ገንዘብ ፈጽሞ አልነካውም ልል አልችልም፤ 500 ፓውንድ ግብር ከፋይ ከፈለበት የሚለው ግን መታረም አለበት። ደግሞስ መንግሥት የገዛው የፍሮይድ ሥዕል የእያንዳንዱ የዘንባባ ቅጠል ጠርዝ የሚታይበት መሆኑን ስናስብ፣ ምክር ቤቱ ለረቂቅ ሥዕል ብቻ አደላ ለማለትም አይመችም።

የቀረው ስለ እኛ የተባለው ነው፤ ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝም ይህ ክፍል ነው። ጸሐፊው የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ያዩትን እንዳዩት ይሥሉ ነበር ሲሉ የትኞቹን ሥዕሎች አስበው እንደሆነ አይናገሩም። እኛ ሁላችን የምናውቀውን የዐድዋን ጦርነት ሥዕል እንውሰድ። ከላይ በሰማዩ መካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ነው። በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ሠራዊት ተደርድሯል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌይቱም በስፍራቸው ይታያሉ። በሌላው ወገን ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን፣ በጎን ፊት ተሥለዋል፤ የእኛዎቹ ግን ሁለት ዓይናቸው የሚታይ ነው። ጥዋት የተተኮሰው መድፍና ከቀትር በኋላ የሆነው ሽሽት በአንድ ሸራ ላይ አብረው አሉ። በዚያ ዕለት በዐድዋ ተራሮች ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ይህን ዕይታ ከየትኛውም ጫፍ ሊያገኘው አይችልም ነበር። በዘጌ ልሳነ ምድር ባለው ገዳም በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ዞሮ የተመለከተም ሰው፣ ተከታታይ ታሪኮች የርቀትን ሕግ ሳይጠብቁ ጎን ለጎንና አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው፣ የቅዱሱ መጠን በቅድስናው እንጂ በሚቆምበት ርቀት ሳይወሰን ያገኘዋል። እነዚህ ሠዓሊዎች የሣሉት የሚያውቁትንና የሚያምኑትን ነው። ዕውቀታቸው ደግሞ በአንድ ቦታ ቆሞ ከታየው በላይ ሰፊ ነበር።

ይህን ስል ላንየን ከእኛ ሥዕል ተማረ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል የታሪክ ግንኙነት አላነሣሁም። የእኛ ቅዱሳን ሥዕል ለጸሎት የተሠራ ነው፤ የላንየን ሰሌዳ ደግሞ ለዐውደ ርእይ። ነገር ግን ጸሐፊው የአገራችንን ወግ የአንድ ነጥብ ዕይታ ጠበቃ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ያን ወግ ለራሱ ባዕድ የሆነ መለኪያ እያለበሱት ነው። ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ዓይን፣ እየራቀ በሄደ ቁጥር እያሳነሱ መሣል በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ የተዋቀረ ዘዴ ነው። ድንቅ ዘዴ ነው፤ ተማሪዎቻችን ሊማሩትም ይገባል። የአባቶቻችን ዘዴ ግን አልነበረም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ጋር ተጋፍጧል። በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 በአዲስ አበባ ሥራዎቹን ሲያሳይ፣ ይህ እንዴት የኢትዮጵያ ሥዕል ይባላል የሚሉ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። ሽልማት ማግኘቱን የጠቀስኩት ክርክሩን ይዘጋል ብዬ አይደለም፤ ይህ ክርክር በአገራችን እንግዳ እንዳልሆነና በወቅቱም አንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረው ለማስታወስ ነው።

ጸሐፊው ስለ ወጣቶቹ የያዙት ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ቀለም በትነው ሲያበቁ የአንድ ቦታ ስም የሚለጥፉበት ሥራ እኔም በየዐውደ ርእዩ አያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በጭጋጋማ ቃላት የሚያወድሱ ጽሑፎችን ጸሐፊው መንቀፋቸውም ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ረቂቁን በሙሉ መተው ሳይሆን ሠዓሊውን ስለ ቦታው መጠየቅ ነው። የሐይቅ ወይም የገበያ ስም የሰጠውን ሥዕል ይዞ የቀረበ ወጣት፣ ይህ መስመር ከየት መጣ፣ ይህን ያየኸው ከየት ሆነህ ነው፣ ሰሌዳውን ለምን አቆምከው ሲባል ላንየን በፖርትሌቨን እንዳደረገው ግንቡን፣ ገንዳውንና ማማውን አንድ በአንድ ማሳየት ከቻለ ሥራው የቦታው ሥዕል ነው። ማሳየት ካልቻለ የጸሐፊው ትችት በእርሱ ላይ በትክክል ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ እኔም ከጸሐፊው ጋር እቆማለሁ።